አምስት ሜትር ጥላ

በመሥሪያ ቤቱ ሚሊሜትር ይሉታል። ስሙ የወጣለት በተቀጠረ በሁለተኛው ወር ነው፤ አንድ አንጋፋ መሐንዲስ ፈርሞ ያወጣውን የደረጃ ንድፍ «አንደኛው መርገጫ በሦስት ሚሊሜትር ይበልጣል» ብሎ መለሰበት። መሐንዲሱ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ማስመሪያውን አውጥቶ ለካ፣ ከዚያም ሊያርመው ንድፉን ይዞ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ ያሰፈረውን ቁጥር ማንም ደግሞ ለክቶት አያውቅም። ሚስቱ እንኳ መጋረጃ ስታሰቅል እሱ ካልመጣ ሚስማር አታስመታም። የሰው መልካም ስም እንዲህ ሲገንን ደስ ይላል፤ ግን ያ ሰው አንድ ቀን የዋሸ እንደሆነ የሚያርመው አይገኝም። የዚህ ታሪክ መዘዝ ከዚያ ነው የሚመዘዘው።

ሥራው ድራፍትማንነት ነው፤ አርክቴክቶቹ ያስባሉ፣ እሱ ያሰምራል። በተለይ አዲስ ሰፈር ሊሠራ ሲታሰብ መነሻ ካርታውን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ቀያሹ በፀሐይ ሲንከራተት ውሎ የለካውን በመስክ ደብተሩ ጽፎ ያመጣል፤ ሚሊሜትር ደግሞ ቤቱን በቅርጹ፣ ምሰሶውን በነጥብ፣ ዛፉን በክብ እያደረገ ካርታው ላይ ያስቀምጣል። የክቡ ስፋት የዛፉ ጥላ ስፋት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ ፎቁም መንገዱም፣ በዚህ ካርታ ላይ ነው የሚቆመው።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ስድስት፣ እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ አባታቸውም ከዚያ ወዲህ ከሁለት ዓመት በላይ አልከረመም። አባትየው ልብስ ሰፊ ነበርና ሙያውን ለእሷ ትቶላት ሄደ። ከጅረቱ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ከአባቷ የወረሰቻት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረቻት፤ ደጃፏ ላይ ወይራ ሥር የስፌት መኪናዋን አውጥታ የተማሪ የደንብ ልብስ ትሰፋለች፣ ያለቀውን ከቅርንጫፉ ላይ ትሰቅላለች። በአባታቸው የስፌት ሜትር ጨርቅ ስትለካ ወንድሟን «ጫፉን ያዝልኝ» ትለዋለች፤ እሱም ቁጥር ማንበብ የተማረው ከትምህርት ቤት በፊት ከዚያ ሜትር ላይ ነው።

ወይራዋን የተከለው አባታቸው ነው፤ ሴት ልጁ በተወለደች በሳምንቱ። በየዓመቱ በዚያው የስፌት ሜትር የልጅቱን ቁመትና የዛፉን ጥላ እየለካ «ማን ይቀድም ይሆን?» እያለ ይስቅ ነበር። ወይራ ግን ለማደግ የማትቸኩል ዛፍ ናት፤ ወደ ስልሳ ዓመት ቆማ ጥላዋ አምስት ሜትር ቢሞላ ነው። ለእህቱ ያ አምስት ሜትር ሱቋም፣ አድራሻዋም፣ ሳሎኗም ነበር። ሰው ሲጠቁም «ወይራዋ ሥር ያለችው ሰፊ» ነው የሚለው። ትዳር ሳትይዝ የቀረችው ወንድሟን አስተምራ እስክትጨርስ ነው። ሚሊሜትር ይህን ያውቃል፣ አውቆም ይከብደዋል፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አንሥታበት አታውቅም።

ያ ሰፈር በአዲስ መልክ ሊሠራ ተወሰነ። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ሰፈሩ ጭቃ ነው፤ የፍሳሽ ቦይ የለውም፤ ክረምት ሲገባ ልጆች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ዋና አርክቴክቷ ሥራዋን ከልቧ የምትወድ ሴት ናት፤ ሰፈሩን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጥ የሕዝብ መናፈሻ ጎዳና አሰበች፤ መኪና የማይገባበት፣ በዛፍና በአበባ የታጀበ፣ አሮጊት የምታርፍበት፣ ሕፃን የሚቦርቅበት። የመኖሪያ ፎቆቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደሱ ያዞራሉ። «ቤት በመጀመሪያ አይሳልም፤ በመጀመሪያ የሚሳለው ሰው የሚሄድበት ነው» ትል ነበር። ሚሊሜትር ይህን ሲሰማ ልቡ ቅቤ ጠጣ። የሰው ቤት ከጎዳናው ቀጥሎ እንደሚመጣ ያሰበው አይመስልም።

ነገሩ የተበላሸው በወሬ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ፖስታ ሊያደርስ ገብቶ «ከጅረቱ በላይ ያለው ሁሉ ተጠራርጎ ይሄዳል አሉ» ብሎ ወጣ። ተላላኪው ካርታ አንብቦ አያውቅም፤ ወሬውን ከጥበቃው ነው የሰማው፤ ጥበቃው ከማን እንደሰማ እግዜር ይወቀው። ሚሊሜትር አንድ ፎቅ ወጥቶ ዋና አርክቴክቷን «እውነት ነው ወይ?» ማለት ይችል ነበር። ለሦስት ሚሊሜትር መሐንዲስ የሚያፋጥጥ ሰው ለእህቱ ቤት ሲሆን አፉ ተሳሰረ። የዘመድ ጉዳይ አለበት እንዳይሉት ፈራ፤ መልካም ስሙ ከእህቱ ቤት በለጠበት።

በንድፍ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ዋና አርክቴክቷ ያስለጠፈችው አንድ ደንብ ነበር፤ «ጥላው ከአሥር ሜትር የሚበልጥ ዛፍ አይነካም፤ በጥላው ክልል ውስጥ ማሽን አይገባም» ይላል። ሚሊሜትር ይህን ሦስት ቀን ሲያነብ ከረመ። በአራተኛው ቀን ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ የቀያሹን ደብተር ገለጠ። «ወይራ፣ የግንድ ውፍረት 25 ሴንቲሜትር፣ ጥላ 5 ሜትር» ይላል። ከአምስቱ ፊት አንድ ጻፈ፤ አምስቱ አሥራ አምስት ሆነ። ከዚያ ካርታው ላይ ክቡን በዚያው ልክ አሰመረ። ክቡ የእህቱን ሁለት ክፍልና ማድ ቤቷን፣ የጎረቤቷንም ግማሽ ግድግዳ ዋጠ።

ከግንዱ ውፍረት ጋር ላስተያየው ሰው ነገሩ ያስቃል፤ ሁለት እጅ አቅፎ በሚያዳርሰው ግንድ ላይ አዳራሽ የሚያህል ጥላ! ግን የሚሊሜትርን ቁጥር ማን ያስተያያል? እሱ እንዲያውም ኮራ። በጥላው ክልል ማሽን ካልገባ ቤቷ ተረፈች ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ምሳውንም ሄዶ በላ።

እሑድ እህቱ ጋ ሄዶ ነገሩን በግማሹ ነገራት። ቤቷን ማንም እንደማይነካው፣ ሰው ቢያስፈራራት ጆሮ ዳባ ልበስ እንድትል አጥብቆ ተናገረ። በምን እንደሚያውቅ ጠየቀችው።

«ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ» አላት።

ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም። የፕሮጀክቱ ሰዎች መዝገብ ይዘው ሰፈሩን ሲዞሩ ማን እንደሚነሣ፣ ማን እንደሚቀር ገና አልተለየም ነበር፤ ግን ቀድሞ የተመዘገበ ቢነሣ እንኳ በሰፈሩ ጫፍ ካለቁት አዳዲስ ሕንፃዎች ምድር ላይ ያለውን ቤት መምረጥ ይችላል ብለው ነበር። እህቱ «የኔ አይነሣም» ብላ በትሕትና ሸኘቻቸው። ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪዋ ነገሩ አልጣማትም፤ መመዝገብ ምን ይጎዳል፣ ካልተነሣን ወረቀቱን ቀደን እንጥላለን ብላ ለመነቻት። «ወንድሜ ያውቃል» አለች እህቱ። ዳቦ ጋጋሪዋ የሚያውቅ ወንድም ስላልነበራት ተመዘገበች።

ዋና አርክቴክቷ ቦታውን ልታይ አንድ ቀን ሄዳ ነበር። ሲዘንብ ያደረበት ቀን ነው። መኪናው አፋፉ ላይ ቆመ፤ ቁልቁል ጭቃውን አየች፣ ጫማዋን አየች፣ ከዚያ «ካርታው የሚሊሜትር አይደል እንዴ? ምን አደከመን» ብላ ተመለሰች። ሹፌሩ ይህን በኋላ ሲያወራ እንደ ቀልድ ነበር የሚያወራው።

ካርታው በተሠራ በሦስተኛው ሳምንት ዋና አርክቴክቷ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስባ የካርቶን ሞዴሉን ገለጠች። መናፈሻ ጎዳናው ከጅረቱ ዳር ይነሣና መሐል ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ታጥፎ አንድ ክብ አደባባይ ላይ ያርፋል። በአደባባዩ መሐል ከስፖንጅ የተሠራች አረንጓዴ ዛፍ ቆማለች።

«አሥራ አምስት ሜትር ጥላ ያላት ወይራ ማለት የአራት መቶ ዓመት ዛፍ ናት» አለች። «ሰፈሩ በሙሉ በሷ ዙሪያ ይሆናል።»

ወደ ሚሊሜትር ዞራ በሰው ፊት አመሰገነችው። ተጨበጨበለት። እሱ ሞዴሉ ላይ የእህቱን ቤት ይፈልግ ነበር። እዚያ የለችም። ዛፏ ሥር ያሉት ቤቶችስ ብሎ ሲጠይቅ ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው ሆነበት።

«ያነቋት እኮ እነሱ ናቸው። ይነሡላትና ትተንፍስ። ማሽን ግን አይገባም፤ ደንብ ደንብ ነው። በእጅ ይፈርሳሉ» አለችው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የሚሊሜትር ግን ከዚህም ይብሳል፤ እሱ የፈራውን በስም ጠርቶ፣ መንገድ አሳይቶ፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠው።

በማግስቱ ቢሮዋ ገባ። ምናልባት ልኬቱ ላይ ስህተት ሳይኖር እንደማይቀር፣ ዛፏም ምናልባት ያን ያህል እንዳልሆነች ተናገረ። ምናልባት የሚለውን ቃል አራት ጊዜ አነሣው። «እኔ ነኝ የጨመርኩት» የሚሉት ሦስት ቃላት ግን ከምላሱ አልወርድ አሉ። ሴትዮዋ ሳቀች። ሰው ሁሉ አምኖት እሱ ብቻ ራሱን መጠራጠሩ ትሕትናው መሆኑን ነገረችው። ንድፉ ለከንቲባው ቀርቦ እንደተወደደ፣ «ወይራ አደባባይ» የሚል ድንጋይም ለጠራቢ እንደታዘዘ ጨመረችለት። ሚሊሜትር አመስግኖ ወጣ። አመስግኖ! ሥራውን እንዳያጣ ሠግቶ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት። ይህ ይገባል። ቢገባም ይቅር አያሰኝም።

የመነሻ ደብዳቤው ሲደርሳት እህቱ አልጮኸችም። ደውላ ካርታው ተሳስቶ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችው። ሊያጣሩ ነው፣ እየታየ ነው፣ ትንሽ ታገሺኝ እያለ ቀን ገፋ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው፤ እሱ ሲያጣራላት የመመዝገቢያው ቀን አለፈ። ዳቦ ጋጋሪዋ በሰፈሯ ጫፍ ምድር ላይ ያለ ቤት መርጣ ምድጃዋን ተከለች። ለእህቱ የደረሳት ከከተማው ሌላ ዳርቻ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ፣ ስድስተኛ ፎቅ ነው። የስፌት መኪናዋን ሁለት ሰዎች በየፎቁ እያረፉ አወጡላት። የልጁን የደንብ ልብስ ለማሰፋት ስድስት ፎቅ የሚወጣ ወላጅ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ቤቷን በእጅ አፈረሷት። ማሽን አልገባም፤ ደንቡ ተከበረ። ስምንት ሰዎች በድጅኖና በመዶሻ፣ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ የወይራዋ ቅርንጫፍ እንዳይሰበር እየተጠነቀቁ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። እህቱ ሁለቱንም ቀን ቆማ አየች። ሚሊሜትር ሁለቱንም ቀን ጠረጴዛው ላይ ዋለ፤ ምን ሲያሰምር እንደዋለ ራሱም አያስታውሰውም።

ፍርስራሹ ተጠርጎ የድንጋዩ ክብ በካርታው ልክ፣ አሥራ አምስት ሜትር ሆኖ ሲሠራ ወይራዋ መሐሉ ላይ የአባቱን ካፖርት እንደለበሰ ልጅ ቆማ ታየች። ዋና አርክቴክቷ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ዛፏ ድረስ መጣች። ዙሪያዋን ዞረች። «ይቺ ናት?» አለች።

ቀያሹ ተጠራ። ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት የቀረው፣ ሁሉም ጋሼ የሚለው ሽማግሌ ነው። ደብተሩን ገልጦ፣ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ገጹን ብዙ አየው። ከሱ እስክሪብቶ ያልወጣች አንድ ቁጥር አምስቱ ፊት ቆማለች። ቀና ብሎ ሚሊሜትርን አየውና ደብተሩን ዘጋ። ዓይኑ መድከሙን፣ ጥፋቱም የሱ መሆኑን ተናገረ። በዚያው ወር ያለ ሽኝት ከሥራ ወጣ። ሚሊሜትር ያን ጊዜም ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሱ ዝምታ ግን ከውስጥ ነቅዞ ነበር።

ሽማግሌው ዕቃውን በካርቶን ሰብስቦ ሲወጣ ሚሊሜትር ልያዝልዎ ብሎ ተከተለው። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ለምን እንዳላጋለጠው ጠየቀው።

«የእህትህን ቤት አውቀዋለሁ። ስለካ ስውል ውሃ የሰጠችኝ እሷ ናት። ለሷ ብለህ እንደሆነ ገብቶኛል» አለ ሽማግሌው። እርከኑ ላይ ቆመ። «ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ብትጠላኝም ጥላኝ። በመጀመሪያው ረቂቅ ጎዳናው ጅረቱን ይዞ ነበር የሚወርደው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የእህትህ ረድፍ ቀሪ ነበር። ቦይ ሊቆፈርለት፣ ጣሪያው ሊታደስ፣ በቃ። መስመሩን ወደ ላይ የጎተተው ያንተ ክብ ነው።»

ሚሊሜትር ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው ካርቶኑን ከእጁ ወስዶ ብቻውን ወረደ።

በዚያ ትልቅ ክብ መሐል ያቺ ትንሽ ወይራ ታሳፍራለች ተባለ። ወደ ሌላ ቦታ ትዛወራለች ብለው ነቀሏት፤ በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና በሳምንቱ የቀረው ፍልጥ ብቻ ነበር። በፋንታዋ ሦስት ረጃጅም ዘንባባዎች በከባድ መኪና መጡ። ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ያምራሉ፣ ከሥራቸው ግን አንድ ሰው የሚያስጠልል ጥላ የለም። «ወይራ አደባባይ» የሚለው ድንጋይ ተጠርቦ ስላለቀ እንዳለ ተተከለ። የቷ ወይራ ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አልተነሣም።

መናፈሻ ጎዳናው ተመረቀ። ያምራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ልጆች ይቦርቁበታል፣ አሮጊቶች ያርፉበታል፣ ጭቃው ተረሳ፣ የዳቦ ጋጋሪዋም ገበያ ደርቷል። ቢያስጠላ ኖሮ ለሚሊሜትር ይቀለው ነበር። ከሥራ ሲወጣ ሰው ሁሉ በዚያ አቋርጦ ሲሄድ እሱ ዙሪያውን በአስፋልቱ ይዞራል። እህቱ ጋም በየእሑዱ ስድስት ፎቅ እየወጣ ይሄዳል እንጂ ነገሩን አላነሣም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው።

ከምረቃው ወር ያህል በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እህቱ ደወለች። አደባባዩ ላይ ነበረች፤ መጥቶ እንዲያገኛት ፈለገች። እየበረረ ሄደ። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ መጥታ የድንጋዩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኛት። አርጅታበታለች። ሰላም ተባባሉና ቦርሳዋን ከፍታ የአባታቸውን የስፌት ሜትር አወጣች፤ ዳሩ የተበላ፣ ቁጥሩ የደበዘዘ።

«ጫፉን ያዝልኝ» አለችው።

እንደ ልጅነቱ ያዘላት። ሜትሩ አንድ ሜትር ተኩል ነው። እሷ ትዘረጋለች፣ በጣቷ ምልክት ታደርጋለች፣ እሱ ጫፉን ይዞ ምልክቷ ላይ ይደርሳል፣ እሷ እንደገና ትዘረጋለች። በዘንባባዎቹ መሐል አልፈው ክቡን ከዳር እስከ ዳር ለኩት። መንገደኛው ቆም እያለ ያያቸዋል። አሥር ጊዜ ዘረጋች።

«አሥራ አምስት» አለች። «አባባ ከሞተ በኋላ በየዓመቱ እኔ እለካት ነበር፤ አላወቅህም እንጂ። መጨረሻ ስለካት አምስት ልትሞላ ጣት ቀርቷት ነበር። ይህን ክብ የቆረጠው ማን ነው?»

እነዚያ ሦስት ቃላት ቢሮ ውስጥ አልወርድ ያሉት እዚህ ወረዱ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት» አላት። ቤቷ የሚተርፍ መስሎት እንደነበር ነገራት። ስለ ቀያሹ ነገራት። ስለ መጀመሪያው ረቂቅ ሊያስቀር አስቦ ነበር፤ አንዴ አፉ ከተከፈተ ግን መዝጋት አልቻለም፣ የሷ ረድፍ ቀሪ እንደነበረም ነገራት።

እህቱ ዓይኗን ወደ ዘንባባዎቹ አዞረች። ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«አምስት ነው ብትል ኖሮ ቤቴ አለ» አለች። «ሌላ ምንም አላስተማርኩህም እኮ። እንድትለካ ብቻ ነው ያስተማርኩህ።»

ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። እሷ ሜትሩን ከራሷ በኩል መጠቅለል ጀምራ ነበር፤ እየጠቀለለች እጁ ድረስ መጣች። ጫፉን አሁንም ይዞታል።

«ልቀቀው» አለችው።